ሺፍት፣ ታን

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ብሎኬቱ ቆሟል ክዳን ሳይኖርበት።
ጋሽ ደግፌ ከላይ፣ ምስማር በከንፈሩ፣
አንድ እግሩ መሰላል፣ አንድ እግሩ ማገሩ፤
እኔ ከታች ቆሜ ሜትር እይዛለሁ፣
ቀን ቀን እረዳለሁ፣ ማታ እማራለሁ።

ስልክ ጮኸ፤ ከገላን፣ ላሜራ ሠሪው ነው፦
«የጣሪያውን አናት በስንት ዲግሪ ላጥፈው?
ቶሎ በሉ፣ መብራት ሳይሄድብኝ ልጨርሰው!»

ጋሽ ደግፌ ዲግሪ አያውቅም በቁጥር፤
የሚያውቀው በስንዝር፣ በቱንቢ፣ በክር።
ቁመቱን ጮኾ ነገረኝ፦ «አንድ ሜትር ከሃያ!»
አግድሙን ለካሁ፤ ሦስት ሜትር ከስልሳ፣ እስከ ግንቡ መቆሚያ።

ማካፈሉ ቀላል ነው፤
ጭንቁ መመለሱ ነው።
ታንጀንት ከማዕዘን ወደ ቁጥር ይወርዳል፤
እኔ የምፈልገው ሽቅብ የሚሄደውን፣
ልጁን አይቶ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ
አባቱን የሚያገኘውን።
አባት ነኝ ባይማ በየመቶ ሰማንያው ዲግሪ ቆሟል፤
ካልኩሌተሩ ግን የቅርቡን ብቻ ይጠራል።

ሺፍት። ታን። ቅንፍ። እኩል ይሆናል።
ዜሮ ነጥብ ሠላሳ ሁለት ይላል።

«ዜሮ?» አለ ከላይ፣ ምስማሩን ተፍቶ፣
«በዚህማ ዝናቡ አይወርድም፤ ያድራል እግሩን ዘርግቶ!»
አሸዋ የሚነፉት ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ።

በመስታወቱ ጥግ፣ ከትንኝ ያነሰች
አንዲት ፊደል ለካ ቁጭ ብላ ነበረች፤
ራዲያን።
ቁጥሩስ አልዋሸም፤
በሌላ አገር ገንዘብ ቆጥሮ ነው ያስረከበኝ፣
እኔ በብር ጠብቄ።
ሞዱን ወደ ዲግሪ መለስኩት፣
ጣቴን ከሲሚንቶ ጠርጌ።

አሥራ ስምንት ነጥብ አርባ ሦስት።

ጋሽ ደግፌ ዝም አለ።
ወርዶ ከመሣሪያ ጆንያው አንድ ሽብልቅ አወጣ፣
ከወይራ የተፈለጠ፣ ጠርዙ በላብ የወዛ፤
ለገዳዲም፣ ሰበታም፣ ቡራዩም
ስንት ጣሪያ ያዘነበለበት።
ከፕሮትራክተሬ ጋር አስጠጋሁት፦
አሥራ ስምንትን ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ስም ሳይወጣለት
በሰው ቤት ሲያገለግል የኖረ እንጨት።

እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ሰጠኝ፤
«ጻፊበት።»
ጻፍኩ። ለላሜራ ሠሪውም ላክሁለት፦
በግራም በቀኝም ይኸው ነው፣ ሁለቴ ቀንስለት።

ደመናው ከየረር በኩል ጠቁሮ መጣ።
እንጨቱን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ አነበበ፤
«አሥራ ስምንቱስ ይሁን፤
ነጥብ አርባ ሦስቷን ግን
ለመላጊያዬ ተዪለት» አለና
መሰላሉን ወጣ።