ቤት በሐምሌ ይታያል

ጥር ላይ ቤት አትግዛ፤ ጥር ሰው ያሞኛል፣
የጅማ ቤት በጥር ሁሉም ሙሽራ ይመስላል፤
ጭቃው ደርቆ፣ ቀለሙ ነጥቶ፣ ደጁ ተጠርጎ፣
ሻጩ ካንተ ቀድሞ ስቆ፣ ጉዱን ሸሽጎ።
ሠላሳ ዓመት ደለልኩ አወይቱ ድልድይ አፍ ላይ፣
ስንቱን በጥር አሻሻጥኩ፣ ሐምሌ ጉዱን ሊያሳይ።

ቤት በሐምሌ ይታያል። ሰማዩ ሲቀደድ
ጃንጥላህን ያዝና ሳይጠሩህ ሂድ።
ቆርቆሮው ሥር ቁም። ወሬ ይቅር፤ አድምጥ፤
ጠብ… ጠብ… ይልሃል አንዱ ጥግ ራሱን ሲያጋልጥ።
ቁምሳጥኑ ለምን እዚያ እንደ ዘብ እንደቆመ
ያኔ ይገባሃል፤ ጣሪያው ነው የታመመ።
ጎንበስ በል ደግሞ፤ ግድግዳዋን ከጉልበት በታች
በጥፍርህ ፋቅ አድርጋት፣ ቀለሟ ትረግፋለች።
ከሥሯ ቡናማ መስመር ካየህ፣ የማን ነው አትበል፤
አወይቱ ነው የፈረመው፤ ውሉን ሊያድስ ይመጣል።

ይህን ከማን ተማርኩ? ከመምህር ኢተፋ።
ቦዬ አጠገብ ሁለት ክፍል ሸጥኩለት፣ በጥር፣ በይፋ፣
መስመሩ ላይ ሁለት እጅ ቀለም ደርቤበት፣
ቀለሙንም በገዛ ገንዘቤ ገዝቼለት።
ሐምሌ አጋማሽ ላይ ብሄድ፣ የቀረ ኮሚሽን ነበረኝ፣
አልጋው ጡብ ላይ ቆሟል፤ የተማሪ ደብተር ከማገሩ ተሰቅሏል።
አልሰደበኝም።
ወንበር አቀረበልኝ፣ ውሃው መሃል።
ተቀመጥኩ።
ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ።
ጫማዬ እስከ ዛሬ አልደረቀም።

እና ስማኝ፤ ካርታ በኮፒ አይታመንም፤
ማሽኑስ ምን በወጣው፣ እሱ አይዋሽም፣
ያስገለበጠው ነው እንጂ። ማዘጋጃ ቤት ውጣ፣
ነገ ና ካሉህ ነገ ሂድ፣ ፋይሉ እስኪወጣ።
እገዳ አለበት ወይ? ባንክ ይዞታል? ግብሩስ ተከፍሏል?
አጥሩንም በሜትር ለካ፤ አጥር ሌሊት ሌሊት ይራመዳል።

ቀብድ ከመቁጠርህ በፊት የቤቱን ሰው ቁጠር።
ጊንጆ ላይ አንድ ቀን ፈርመን፣ ተመራርቀን ነበር፤
ወይዘሮ ሸምሲያ ከጓሮ ጎመን ይዘው መጡና
«የምን ብር ነው?» አሉ። ባልየው አቀረቀረና
ብሩን መልሰን ስንቆጥር ሦስት መቶ ጎደለ፤
(ኪሴ ነበር። አወጣሁት። ቤቱ ሁሉ ዝም አለ።)
የሟች ቤት ከሆነማ ወራሽ እንደ እንጉዳይ ይፈላል፣
ዝናብም አይጠብቅ፣ ዋጋ ሲሰማ ይበቅላል፤
ስሙ ተነሥቶ የማያውቅ፣ ሻሸመኔ ያለ ወንድም
በማግስቱ አውቶብስ ይሳፈራል፤ ቁርሱንም አይበላም።

አንቺ ደግሞ የምትሸጪው፣ አቮካዶዋን አትቁረጪ፣
«ግቢው ይሰፋል» ላለሽ ሁሉ ጆሮሽን አትስጪ፤
ገዢ ጥላ ያያል። ቸኩያለሁም አትበዪ፣
የጭንቅሽን ልክ ለደላላ አታሳዪ።
ቀዳዳውን ግን ራስሽ ንገሪ፣ እሱ ሳያገኘው፤
የተነገረ ቀዳዳ ዋጋው አንድ ቆርቆሮ ነው፤
የተደበቀ ቤቱን ይበላል።

አከራይስ? ቆጣሪውን ለየብቻ አስገባ፣
አለዚያ በአንድ አምፖል ትሆናላችሁ ሆድና ጀርባ።
ውል ጻፍ፣ ዘመድም ቢሆን፤ ዘመድ ሲሆን ይብስ ጻፍ።
ኪራይ ልትጨምር ካሰብክ በሚያዝያ ተናገር፤
በሐምሌ የሰው ፍራሽ ጭቃ ላይ አይደር።
የኔ አከራይ ይህን አያውቅም።

መምህሩ ቤቱን አልሸጠም። ደፉን በድንጋይ ከፍ አደረገው፤
ዝናብ ሲገባ ያቺን ወንበር ደጁ ላይ ያወጣታል።
ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ። እጁን ያነሣል።
ወንበሯ ላይ ማንም አይቀመጥም።

አንተ ጥር ላይ የመጣህ፣ ብርህን በፌስታል የያዝክ ልጅ፣
አዎ፣ አንድ ቤት አለችኝ፤ ዛሬ አላሳይህም እንጂ።
ሐምሌ ይግባ። ጃንጥላ ካንተ።
ጫማ እኔ አደርጋለሁ፣ ያንኑ።