ገደማ

አዘዞ፣ ከቁራሌ ግቢ፣ በኪሎ ነው የገዛው፣
ከቴሌ ማማ የወረደ፣ የወፍ ኩስ ያወዛው።
ሆዱ ውስጥ ሩቢዲየም አለ፣ ሲሞቅ የሚረጋ፤
አረንጓዴዋ ስትበራ
አዛናው አይተነፍስም፣ ጠረጴዛው እንዳይናጋ።

ከወንድሙ ጋር ጠመደው፤
ልዩነታቸውን በደብተር፣
የሰከንድ ሽርፍራፊ ሽርፍራፊ፣ ሌሊቱን ሲቆጥር።
አንዱ ሸሸ። የቱ? ሁለቱም ይምላሉ፤
ሦስተኛ ሳጥን ይዳኝ ነበር፣
ዳኛ በስንት ይገዛሉ?

በዘጠነኛው ሌሊት መብራት ሄደ፣ ቀሃ ማዶ ጨለመ፤
ባትሪው የጎረቤት ስልክ ሲሞላ ውሎ ደክሟል፣
የግራፉ መስመር ቆመ።

ጠዋት እትዬ ይታይሽ፣ የሞላ ስልክ በእጃቸው፣
«ስንት ሰዓት ሆነ ልጄ?»
የዋንዛዋን ጥላ አየና
«አንድ ገደማ» አላቸው።