ባዶውን ስትስቢ

ሠላሳ አንድ ክረምት፣ ከካሎቻ ወፍጮ፣ ከምድር ቤት ውስጥ፣
አንቺ አየር ስትውጪ፣ እኔ ያንቺን ጩኸት ስውጥ።
በርበሬው ከመሬት፣ ጎተራው ከጣሪያ፣
በቧንቧ ይወጣል እስከ ላይ ማጣሪያ፤
ቀይ ዱቄት በቧንቧ፣ ቀይ ዱቄት በጥርሴ፣
እሑድ በቅዳሴ መሃል ቀይ የምታስነጥስ ነፍሴ።

ፓምፕ ነሽና፣ ሥራሽ መሳብ ነበር፣
ሲሞላም፣ ሲጎድልም፣ ቧንቧው ባዶ ሲቀር፤
ከረጢት ሲቀየር፣ ቫልቩ ሲከፈት፣
ወፍጮው ቆሞ ሳለ፣ እኔም በእራት ሰዓት፣
አንቺ ግን በሙሉ ጉልበት፣ በአንድ ቃና፣ በአንድ ፍጥነት፤
ማንም የሌለበትን ቤት እንደሚደበድብ አበዳሪ፣
ባዶ አየር ስትስቢ፣ ከግድግዳው ሲሮጥ ቆጣሪ።

በጥር መጨረሻ ቦግላርካ መጣች፣
ከዳኑብ ጭጋግ ውስጥ ብስክሌት እየገፋች።
«ቾንጎር ባቺ» አለችኝ፣ «ይህቺ ለምን ትጮኻለች?»
«ስለምትሠራ ነዋ!» ብዬ ጮኽኩባት፤ ሳቀች።
ቧንቧውን ሦስት ቦታ በሳች፣ ሦስት ሴንሰር ተከለች፣
ከሸሚዝ አዝራር የማይበልጥ፤ «ይህ ምላስ ነው» አለች፣
«ግፊቱን ይቀምሳል፣ ሲበዛና ሲያንስ፣
ሞተሩን ያዘዋል እንዲሮጥ፣ እንዲያዘግም፣ እንዲተነፍስ።»
እኔ ግን በሆዴ፦ ጀልባ በጣት አይቀዘፍም፣
ወፍጮ በምላስ አይዞርም።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዝም አልሽ።
ወንበሬን ገልብጬ ሮጥኩ።
የሞትሽ መሰለኝ። አልሞትሽም፤
እያዘገምሽ ነበር።
እጄን ደረትሽ ላይ አሳረፍኩ፤ ለብ ያለ፣
እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ አለ።
ግን ከሁለተኛው ክርን፣ ቧንቧው ከሚጠመዘዝበት፣
ቀዩ ተንጋሎ ቀርቷል፣ አየሩ አቅቶት ሊያነሳው ካለበት፤
ዝግታም በዛና፣ ዱቄቱ እንደ ደለል ተኝቶ፣
ቧንቧው ታነቀ፤ ጎተራው ቀረ ተጠምቶ።

ደወልኩላት፤ መጣች፤ ከካፖርቷ ሥር የሌሊት ልብሷ፣
በአንድ እጇ የእንጨት መዶሻ፣ በረዶ ከራሷ።
ቧንቧውን አንኳኳች፤ አዳመጠች፤ ወደኔ ዞረች፦
«ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምተሃታል፤ ከመታነቋ በፊት ምን ትላለች?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«መጀመሪያ ታፏጫለች» አልኳት፣ «በቀጭኑ፣ እንደ ሸምበቆ፤
ከዚያ አሸዋ በጣሳ ይንሿሿል፣ ክርኑ ውስጥ ተደብቆ፤
ከዚያ ዝም። ዝም ካለች አልቋል።»
ቁልፉን እያዞረች ግፊቱን ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ፣
እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ከብረቱ ሳጣብቅ፣
«አሁን!» ስል ጻፈች፤ «አሁን!» ስል ደግሞ ጻፈች፣
እስኪነጋ ድረስ የኔን ጆሮ ወደ ቁጥር ገለበጠች።

አሁን ደረቁ ዱቄት ሲመጣ ትዘገያለሽ፣
እርጥቡ፣ ከባዱ ሲመጣ ጉልበት ትጨምሪያለሽ፣
ማጣሪያው ሲደፈን ትናገሪያለሽ፤
የሚሳብ ከሌለ፣ ታርፊያለሽ።
የመብራቱ ሂሳብ ከሦስት እጅ አንዱ ቀርቶ፣
ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ፣ የኔን ጆሮ ረስቶ፤
ቦግላርካ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን መታችኝ።
ሳቅን።

የዚያን ዕለት ማታ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ገና ኮቴን ሳላወልቅ፣
«ሾርባው ጨው የለውም!» አልኩ፣ ጣሪያው እስኪሰነጠቅ።
ኤቴልካ ማንኪያዋን አስቀመጠች።
«ከጎንህ ነኝ» አለችኝ፣ «ይህ ሁሉ ለማን ነው?»

ለማን እንደሆነ አሰብኩ።
ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ ደግሞ ዝቅ፤
ቃሉ ከክርኑ ላይ ሳይወድቅ፣
ያቺን ቀጭን ፉጨት ከጉሮሮዬ ስጠብቅ።
«ጨው» አልኳት፣ በለሆሳስ።

አቀበለችኝ።