በኪሮሽ የተለካ መንገድ

ዘንድሮ ሦስት በዓል በአንድ ወር ገጠመ፣
ከሱቄ ደጃፍ ላይ ወረፋው ቆመ።

ዳንጊሶ ጨርቅ ይዞ፦ "ለአራት ልጆች ልብስ።"
"ለመቼ ነው?" ስለው፣
"አያንቶዎች ገና ኮከብ እያዩ ነው፣
እነሱ ሲነግሩን ያንቺ መርፌ ይድረስ።"

እትዬ አመለወርቅ በጓሮ በር ገብተው፦
"የኔስ ቀኑ ታውቋል፣
ባሕረ ሐሳቡ ቀድሞ አስቀምጦታል፤
ቀሚሴን አስፊልኝ፣
በጾም እንኳ ሆኜ ወገቤ ጨምሯል።"

አማቴ ደወሉ ከአዳማ፣ ከፍራንኮ፦
"ጨረቃ ከታየች አርብ ነው እንግዲህ፣
ካልታየች ቅዳሜ፤
ያባትሽን ኮፍያ ቃል ገብተሻል እኮ!"

ሁሉም ሰማይ አለው፦ ኮከብ፣ ስሌት፣ ጨረቃ፤
እኔ የማንጋጥጠው አምፖሉን ነው፣
መብራት ኃይል መቼ እንደሚነቃ።

መኪናዬ የእግር ነው፣ መብራት አይጠይቅም፣
የጠየቀው ዓይኔ ነው።
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ሌሊቱን ረገጥኩት።
ከሐይቁ በኩል አባ ኮዳ ሲንጫጫ
ሙክታር ሻንጣውን አስሮ መጣ፤
"አልጨረስሽም?" አላለኝም፣
መርፌ አንሥቶ ቁልፍ ይተክል ጀመር።
አንዱን ጠማማ ተከለው። አየሁት፤ አለፍኩት።

የልጄ ቀሚስ ብቻ፣
ተቆርጦ ሳይሰፋ፣ በፌስታል ገባ።
የዓምናውን ለበሰች። ጠርዙን ፈትቼ ባስረዝመው
የዓምና ቁመቷ ታች ላይ ተሰምሮ ታየ።

መናኸሪያ። ሚኒባስ። የመጨረሻው ወንበር።
ኪሮሼን አወጣሁ፤ ኮፍያው ገና ክር ነበር።
ሻሸመኔ ስንደርስ አናቱ ተከበበ፣
ነገሌ ላይ ሰባት ዙር፣
ላንጋኖ ጋ ልጄ ሐይቅ ልታይ ጉልበቴ ላይ ወጣች፣
ቁጥሩ ጠፋብኝ።
ቡልቡላ ላይ ጉድጓድ፦
መኪናው ዘለለ፣ እኛም ዘለልን፣ ክሩም ዘለለ፣
ከወንበር ወንበር ሥር እየተተረተረ ኮበለለ።
አንዱ በጫማው አገደው፣ አንዷ በዘንቢሏ፣
ፓፓያ የታቀፈ ወታደር ጠቅልሎ መለሰልኝ።
ረዳቱ፦ "የክሩስ ሒሳብ?"
ተሳቀ። ነጩ ክር ግን
ከዚያ ወዲያ ጠየም አለ።

ሞጆ ላይ ፀሐይ ገባች።
ሙክታር አንዲት ተምር ለሁለት ከፈላት፤
ለሱ ማፍጠሪያው ነች፣ እኔንም አታስገድፍ፤
በዚህ ወር ገበታችን የሚገጥምባት
ይቺው የጣት ስፋት ነች።
ፍሬዋን ልጄ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች።
አዳማ ስንቃረብ ከሾፌሩ ሬድዮ፦
ጨረቃ ታይታለች።

ነፋሱ ቀደመ፣ አቧራው ተከተለ፣ ከዚያ አማቴ።
ምድጃው ላይ ሁለት ድስት፣
ያንዱ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሮበት።
"ሥጋ አልነካትም፣ ማማሰያዋም ለብቻ፤
ከገባሽ ጀምሮ ይቺ ያንቺ ናት፣ ይኸው ሰባት ዓመት።"
ክሩን አወቅሁት፤
ለሰርጌ ከሰፋሁላቸው ቀሚስ የተረፈ ነው።

ኮፍያው ሐጂ ኸድር አናት ላይ ወጣ።
አማቴ ጣታቸውን በዙሩ አስኬዱ፦
"እዚህ ጋ ጎበጥ ይላል።"
"ቡልቡላ ነው።"
"ይሄስ፣ የላላው?"
"ላንጋኖ። ልጅቷ ሐይቅ ስታይ።"
"እዚህ ደግሞ ጠይሟል።"
ዝም አልኩ። ከዚያ፦ "ልፍታውና ላስተካክለው?"
ሐጂ መዳፋቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ፦
"መንገዱን ፈትተሽ፣ በምን ልትመለሺ?"

ጠዋት ሁሉም ለሶላት ወጡ፣ እኔና ድስቴ ቀረን።
ስልክ ጮኸ። ዳንጊሶ ነው፦
"አያንቶዎቹ ተናገሩ! ነገ ወዲያ፣ ጉዱማሌ።"
ሁለት ሸሚዝ ያለ ኮሌታ፣
የእትዬ አመለወርቅ ጎን እንደተተረተረ፣
ሐዋሳ፣ ከቁልፍ በስተጀርባ።

ኪሮሼን ፈለግሁ። ከትራስ ሥር፣ ከፌስታሉ፣ ከሻንጣው፣
የለም።
በመስኮት ባይ፣ ልጄ ከሶላት ተመልሳ
ከአክስቶቿ ልጆች ጋር ጋሪ ታባርራለች፣
ፀጉሯን ጠቅልላ በኪሮሼ ሰክታ።
አልጠራኋትም።
ሚኒባሱ ከሰዓት ነው።