ሁለት ወናፍ

ቤርሳቤህ፣ ሐምሌ ነው፤ ጥላው ራሱ ግሏል፣
የጋራዡ ቆርቆሮ ቀጭ ቀጭ ይላል።
አንዲት ቀይ ማዝዳ አለች፣ ከመርከብ የወረደች፣
ፒስተን የሚሉትን ዘመድ የማታውቅ ነች።
የሌላው መኪና ልብ ሽቅብ ቁልቁል ይዘላል፤
የሷ ግን ይዞራል፤
ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ወገቡ በጠበበ ቤት፣
ጥግ ጥጉን እየላሰ፣ እየጠጣ ዘይት።

ጉድለቷ አንድ ነው፤ ከታች ጉልበት የላትም፣
አራት ሺህ ዙር ሳትሞላ እንቅልፍ አይለቃትም።
ፕሮስፔር «ተርቦ!» አለ። «ተርቦ ሰነፍ ነው» አልኩ፣
«ጭሷን ጠጥቶ እስኪጠግብ እኔ በእግሬ ደረስኩ።»
«ሱፐርቻርጀር እንግዲያ!» ስለው ደግሞ ሳቀ፤
«እሱማ በቀበቶ ከጌታው የሰረቀ፤
ሰጠሁ የሚልህ ጉልበት ከራሷ የመጣ፣
ሽቅብ ስትል ደግሞ ትንፋሹን የሚያጣ።»
ተከራክረን ሲመሽ ሁለቱን ገጠምን፤
አንዱ ከታች ይግፋት፣ አንዱ ከላይ አልን።
ሳልማን ከራሃት መጥቶ ቧንቧውን በየደ፣
በዐረብኛ ረግሞ በዕብራይስጥ ወደደ።

ሦስት ወር።
ቀበቶ በጠስን። ኮምፒውተሯን አታለልን።
ምላጭ የመሰለች የጫፍ ማሸጊያ ሰበርን፣
ሌላዋ ከጃፓን እስክትመጣ ስድስት ሳምንት ቆጠርን።
ደግሞ አስነሳናት።
ታች ሳለች ግሩም፤ ላይ ስትወጣም ግሩም፤
መሀል ላይ፣ አንዱ ሲለቅ፣ ሌላው ገና ሳይቆም፣
ህቅ!
ጡት እንደጠገበ ሕፃን።
ደግሞም፣ ህቅ።

አባቴ ከኩፓት ሆሊም ወጥቶ፣ አውቶብሱ አምልጦት፣
የመድኃኒት ፌስታል ይዞ ጎማ ላይ ቁጭ አለ፣ ፀሐዩ ሰልችቶት።
አያ እንየው። የደንቢያ ባለ እጅ።
ቀን ማረሻ ያሠሩት፣ ማታ የዘጉበት ደጅ።
እዚህ ሀገር መዶሻ አልጨበጠም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ
የሱፐርማርኬት ዘበኛ ነበር፤ ቦርሳ መፈተሽ ሆነ ዕድሉ።

«ስንት ወናፍ አላት?» አለኝ፣ ጆሮውን ሰጥቶ።
«ሁለት፤ አንዱን ዘንጓ ይነፋዋል፣ ሌላውን ጭሷ ገፍቶ።»
«ጉድ! እሳት ራሱን ሲያናፍስ» ብሎ ሳቀና
ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አኖረና
ግራውን ሲጫን ቀኙን አነሳ፣ ቀኙን ሲጫን ግራውን፤
ስልሳ ዓመት ያልረሳውን።
«ግራው ጨርሶ ሳይወድቅ ቀኙ ይጀምር» አለ፣
«በሁለቱ መሀል እሳቱ ለቅጽበት ብቻውን ከዋለ
ብረቱ ይቀዘቅዛል። እናንተ አንዱን ቶሎ ሸኛችሁት፤
እንግዳው ደጅ ሳይደርስ የቤቱን ሰው አስወጣችሁት።»

ፕሮስፔር አማርኛ አያውቅም። እጆቹን ግን አየ።
ላፕቶፑን ከፍቶ የማለፊያውን ቫልቭ በአምስት መቶ ዙር አዘገየ።

ማታ፣ በአርባ ቁጥር መንገድ፣ ወደ ደቡብ።
የበደዊኖቹ መብራት ከኮረብታው ሥር ጠብ ጠብ።
አባቴ ከፊት ነው፣ ፌስታሉን ታቅፎ።
ሁለት ሺህ። ሦስት ሺህ። የሰማነውን ሁሉ አልፎ
አራት ሺህ፤
ህቅታዋን ጠበቅን።
አልመጣም።
ጀርባችን ከወንበሩ ተጣበቀ፤ ማንም ማንንም አላየም።
የአባቴ እጅ ብቻ ጉልበቱ ላይ ግራ ቀኝ ሲል ቆይቶ
ስድስት ሺህ ላይ ቆመ፣ አንድ ነገር ሰምቶ።
«ተረከበችው» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ።

ነዳጅ ማደያው ጋ ወርዶ፣ ቁጥሩ ሲሮጥ አየና
«ጉልበቷስ ጉልበት ነው፤ ስትጠጣ ግን አታፍርም!» አለ፣ ራሱን ነቀነቀና።

ሰኞ ቴስት አላት። መርማሪው ከነሁለት ወናፏ አያሳልፋትም ይሆናል።
እሱን ለሰኞ።