ከሐይቅ ዳር የጠማት

ሽምብጥ ገና ሳይነጋ፣ ወፍ ሳይንጫጫ በዋርካው፣
ተንበርክኬ ከመኪናው ሥር መሬቱን በእጄ ስነካው፣
እማሆይ ጠጄ በአጥር አይተው፣ «እንዴት ያለ ጸሎተኛ!»
ይሉኛል። ልመናዬ አንድ ናት፣ አጭር፣ የመንገደኛ፦
«ደረቅ ይሁን።»
ደረቅ አይደለም። እርጥብ ነው፤
ዝገት ያቀላው፣ የሳሕን አፍ ያህል ክብ ነው።

ከእኔ በፊት አራት ባለቤት ፈትታ የመጣች ሚኒባስ፣
ለሐሙሲት ሰው ጭና ወጥታ፣ ገና ዘንዘልማን ሳትደርስ፣
የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ሽቅብ ሲወጣ አየሁት፤
ዳር ይዤ ሞተር አጥፍቼ ኮፈኑን በጨርቅ ከፈትሁት።
እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። ከኋላ መቀመጫ አንዷ፣
«ጣናን ታቅፋ የምትጠማ መኪና! አቤት ጉዷ!»
አልዋሸችም። ጀሪካን አንጠልጥዬ ጭቃውን ወረድሁ፤
እምቦጩን በእግሬ ገፍቼ፣ አጎንብሼ ከሥሩ ቀዳሁ።
አምስት ሊትር ለጥቂት መንገድ፣ አምስት ሊትር ለመመለስ፤
የአሥራ አንድ ሰው ሒሳብ ደግሞ ከኪሴ በየመዳፉ ሲፈስ።

ጋራዡ አባይ ማዶ ነው። ባለቤቱ ይርሳው ይባላል፤
ስሙ ነው እንጂ፣ ብድርን ከበሩ ቆርቆሮ በጠመኔ ይከትባል።
ራዲያተሩን ፈቶ አወጣው፤ በግማሽ በርሜል ውሃ ነከረው፤
አንዱን አፍ በጎማ ደፍኖ፣ በሌላው አየር ሰድዶ ሞከረው።
አረፋ ወጣ። አንድ። ሁለት። ከታች ጥግ ሦስት ሲደረደር፣
«ያውልህ» አለ፣ «ውሃ ባመለጠበት፣ ውሃ ራሱ ሲናገር።»
ጣቱን ከትቶ ዝቃጭ አወጣ፣ አረንጓዴ፣ የደንገል ጭረት፤
«የሐይቅ ውሃ ነው ያጠጣሃት!» አለኝ እንደ አባት፣ በምሬት።
«የቧንቧ ስታጣ የታሸገ ግዛ፤ ጭቃ ነው ሥሯን የዘጋባት።»
የታሸገ ውሃ! ልጄን ትርንጎን እንኳ ሠርግ ካልሄደች ማን ሰጥቷት።

ከዚያ ዋጋ ቆጠረ፦
ለብየዳ ሁለት ሺህ አምስት መቶ፤ «ዋስትና ግን አትጠይቀኝ፤»
የቻይናው አዲስ አሥራ ስምንት፤ «አፉ ፕላስቲክ ነው፣ ሲሰነጠቅ አታውቀኝ፤»
ያገለገለ ኦሪጅናል፣ መዳብ፣ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሠላሳ፤
«ከዚያ በታች ካገኘህ ይርሳው አይደለሁም፤ ስሜ ይነሳ።»

መላ የሚሰጠኝ አልጠፋም። ረዳቴ እርድ ጨምር ይላል፤
የአማቼ ልጅ የእንቁላል ነጩን፤ አንዱ ሳሙና ነው ብሎ ይምላል።
ሁሉንም ሞክሬ ነበር። እርዱ ለሦስት ቀን ያዘ፤
በአራተኛው ያው መፍሰሱ፤ አልጫ አልጫ እየሸተተ ተጓዘ።

ሒሳብ አይጠፋኝም፤ ብየዳው ከዛሬው ጋር ሰባት ጊዜ፤
አሥራ ሰባት ሺህ ተኩል። አዲሱን ገዝቼዋለሁ በትካዜ፣
በቁርጥራጭ፣ ሳላየው። ድሃ እቃ የሚገዛው እንዲህ ነው፤
ይከፍላል፣ ይከፍላል፤ እቃው ከባለሱቁ መደርደሪያ ነው።

ብየዳው እስኪበርድ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ኑርዬ ታንኳውን
አቁሞ ለፀሐይ ሰጥቷል፤ ይተፋል የጠጣውን።
«ሁለት ወር ካገለገለ በቃ» አለኝ፤ «ውሃ ይገባዋል፣ ይከብዳል።»
«የኔዋ ደግሞ» አልሁት፣ «ውሃ አይቆይባትም፤ ወጥቶ ይከዳል።»
እሱ ውሃ እንዳይገባበት፣ እኔ ውሃ እንዳይወጣብኝ፣
ባንድ ሐይቅ ዳር ሁለት ስጋት! ሳቅሁበት፤ እሱም ሳቀብኝ።
«የኔ መለዋወጫ ይኸው ይበቅላል» አለ፣ ደንገሉን እያሳየ፤
«ያንተስ የት አገር ነው የሚበቅለው?» ዝም ብል፣ መልስ ሲጠብቅ ቆየ።

ማታ ይርሳው በጠመኔው ከበሩ ላይ ስሜን ጻፈ፤
ሺህ አምስት መቶ ሰጥቼ፣ ቀሪዋ ሺህ ለእሑድ ተላለፈ።

ዛሬም ሽምብጥ ሳይነጋ፣ በመዳፌ መሬቱን ዳበስሁ፤
ደረቅ ነው። አላመንሁም፤ ሌላኛውን እጄን ጨመርሁ።
«ሰማህ ወይ እግዜሩ?» አሉኝ እማሆይ በአጥሩ። «ለዛሬ» አልኋቸው፤
ጀሪካኖቹን ግን የቧንቧ ሞልቼ ከወንበር ሥር ደረደርኋቸው።