ስም የሚለው ሳጥን

ዝቮንካ፥ መልእክትሽ ማክሰኞ ደረሰኝ፤
የሆስፒታሉ ፈረቃ ገና ሳይለቀኝ፥
የሰው ደም በብልቃጥ በእጄ እንደያዝኩኝ።
እዚህ ሮሳሪዮ ብርድ ነው፤ ወንዙ እንደ ዝገት ቀልቷል፤
አንቺ ጋ ግን በጋ ነው፤ ንብሽ ሊንደን ላይ ሰፍሯል።

አላውቅሽም ነበር፤ ሱቅሽንም አላውቅ፤
ማርሽን፥ ሻማሽን፥ ሰም ስታቀልጪ መዳፍሽ እንዲሞቅ፤
ራዶቭሊጻ የምትባል ከተማ መኖሯንም፥
ያ የኔ ፕለጊን እዚያ ድረስ መሻገሩንም።

ለአክስቴ ለኔሊዳ ነበር፤ አዝራር ትሸጥ ነበረች።
«ትእዛዝ መቀበያ ቅጽ ሥራልኝ፥ ልጄ» አለች።
ስም፥ አድራሻ፥ ብዛት፤ ሦስት ሳጥን፥ አንድ መላኪያ፤
ሌሊቱን ጻፍኩና ሲነጋ ደረሰ ለገበያ።
«የፈለገ ይውሰደው» ብዬ በነጻ ለቀቅኩት፤
መቶ፥ ሺህ፥ አርባ ሺህ ድረ ገጾች ሰኩት።
እኔም ሥራ ያዝኩ፤ ልጅ ወለድኩ፤ ረሳሁት።

በሥራዬ፥ ዝቮንካ፥ መርፌ ከማንሣቴ በፊት
በሽተኛውን ስሙን እጠይቃለሁ፥ ሁለቴ፥ ያለ ስሕተት፤
አንጓው ላይ ካለው ወረቀት ጋር አስተያያለሁ።
በጻፍኩት ቅጽ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁ።

ስም የሚለው ሳጥን ያጎረሱትን ይውጥ ነበር፤
አንድ ሰው መጣ፤ የማር ጉዳይ የለው፥ የሻማ ነገር።
በስም ቦታ ትእዛዝ ጻፈ፤ በሁለት ሹል ቅንፍ መሐል፥
እንደ ወፍ አፍ በተከፈተ፥ ያልበለጠ ከሰባት ቃል፤
ብዛት በሚለው «አንድ» ብሎ፥ «ላክ» ተጭኖ ሄደ።
መዝጊያ አልገነጠለ፤ ግድግዳ አልናደ።

የከፈትሽው አንቺ ነሽ።
«አዲስ ትእዛዝ» ሲል፥ ቁርስሽን ሳትጨርሺ፥ ጣትሽን ጠርገሽ።
ያየሽው ባዶ ቦታ ነው፤ ስም የሌለው ደንበኛ፤
«ረስቶት ነው» አልሽ፥ «ቸኩሎ ይሆናል፤ መንገደኛ።»
ባዶው ግን ይሠራ ነበር። ባንቺ ቁልፍ፥ ባንቺ ሥልጣን፥
ሌላ አድሚን ሾመ፤ የክፍያውን ገጽ አዞረው ወደ ራሱ ሳጥን።
ገጽሽ እንደወትሮው ንብ አለበት፤ ማር አለበት፤ ዝምታ አለበት።

ሰም ለምታቀልጥ ሴት ይህን ማስረዳት ያሳፍራል፤
ያ ስም ሰም ነበረ፤ ወርቁ ከሥሩ አድፍጧል።
ሰው ሰሙን ሰምቶ፥ ቆም ብሎ፥ ወርቁን ይፈልጋል፤
ማሽን ግን መቆም አያውቅም፤ ወርቁን አግኝቶ ይታዘዛል።

ማረሚያው አንድ መስመር ነው፦ ቅንፉ ፊደል ብቻ ይሁን፤
ይነበብ እንጂ አይታዘዝ፤ ይታይ እንጂ አይከወን።
በመተላለፊያው ቆሜ ጻፍኩት፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ፤
ስድስት ዓመት ዘግይቶ፤ ስንቱን ቤት ከፈጀ።
«አዘምን» የሚለውን የነኩ ዘጠኝ ሺህ ናቸው እስካሁን፤
የቀሩት በር ከፍተው ተኝተዋል፤ ማን ይቀስቅሳቸው አሁን?

ቁጣ ጠብቄ ነበር። አንቺ ግን ከኮዱ አናት
«ለኔሊዳ» የምትል ቃል አግኝተሽ፥ «ደህና ናት?»
ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ሞታለች፤ ሁለት ዓመቷ። ሱቋ ፀጉር ቤት ሆኗል።
ድረ ገጿ ግን አለ፤ ኪራዩ ከኔ ካርድ ይቆረጣል፤
አሮጌው ቅጽም እዚያው፥ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።
ዛሬ ማለዳ ገብቼ አደስኩት። ከዚያም ለመፈተን
ያን ሰባት ቃል ጻፍኩበት፥ ስም በሚለው ሳጥን።
ምንም አልሆነም። ፊደሎቹ ተደርድረው ቆሙ፥
ቅንፎቹም አፋቸውን ከፍተው፥ አንዳች ሳይፈጽሙ።

አጠፋሁት። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ፥ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል፥
ስሜን ጻፍኩ፦ ሌአንድሮ።
ብዛት፦ አንድ አዝራር፤ ጥቁር፥ ባለ አራት ቀዳዳ።
ላክሁትም፤
የሚከፍተው እንደሌለ እያወቅኩ።